አለቃችን ራሳቸውን «አንቱ» ያሉበት ሪፖርት

የምሠራበት አማካሪ ድርጅት ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥራችን ሰው መምከር ነው። መስኖ ሊጠልፍ ያሰበ፣ ወፍጮ ሊተክል የተነሣ፣ ጉድጓዱን የት ላስቆፍር ብሎ የተጨነቀ ወደ እኛ ይመጣል፤ እኛም እናጠናለን፣ እንጽፋለን፣ አስጠርዘን እናስረክባለን። እኔ በማዕረጌ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ ነኝ። በተግባር ግን የምውለው የመሐንዲሶቹን ጽሑፍ ሳቃና ነው። መሐንዲስ ዐረፍተ ነገር ሲጀምር ቧንቧ እንደሚቀጣጥል ሰው ነው፤ ውሃው እስኪደርስ አያቆምም።

የድርጅቱ ባለቤት፣ አለቃችን፣ አንጋፋ የውሃ መሐንዲስ ናቸው። ተወልደው ያደጉት አቸፈር ነው፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት ጎጃምና ጎንደር ውስጥ ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ ነው። ሁላችንም «ኢንጂነር» እንላቸዋለን። ድምፃቸው ወፍራም ስለሆነ ደብረ ታቦር ካለ ሰው ጋር በስልክ ሲያወሩ «ስልኩ ለምን አስፈለገ?» ያሰኛል። ከኪሳቸው የማትለይ ቀይ እስክርቢቶ ነበረቻቸው። ያየነውን፣ የጻፍነውን፣ የነደፍነውን ሁሉ በእርሷ «ታይቷል» ብለው ይፈርሙበታል። ከሥሩ ያሰመሩት አንድ ሰረዝ ከሆነ ሥራው ደህና ነው። ሁለት ከሆነ ተመልሶ ይሠራል። ሰረዙ ወረቀቱን ቀድዶት ከመጣ ደግሞ ያን ዕለት በደጃፋቸው አለማለፍ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደንበኞቻችን ስለ ጉድጓድ መጠየቅ እየተዉ ስለ ኮምፒዩተር መጠየቅ ጀመሩ። ኢንጂነርም በሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ሥልጠና ላይ ሰነበቱና አዲስ ሰው ሆነው ተመለሱ። ስብሰባ ጠርተው፣

«ከእንግዲህ ዲጂታል ሽግግርንም እናማክራለን» አሉን።

«ኢንጂነር፣ እኛ ራሳችን ተሸጋግረናል?» አልኋቸው።

«አንቺ ደግሞ! ሐኪም ለማከም መታመም አለበት?»

የአዲሱ አገልግሎት ማስታወቂያ በትልቅ ወረቀት ታትሞ ደረጃው ላይ ተለጠፈ።

የመጀመሪያው ደንበኛ ሆነው የመጡት አንድ የወረታ ነጋዴ ናቸው። ቤተሰባቸው ከአባት ጀምሮ እህል የሚነግድ፣ በአገሩ የተከበሩ ሐጂ ናቸው። ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያ አላቸው፤ ቆላ ድባና ደልጊ ደግሞ መጋዘን። ልጆቻቸው «የመጋዘኑን ገቢና ወጪ በስልክ እንየው» ብለው ስላስቸገሯቸው ምክር ፈልገው ነው የመጡት። ኢንጂነር ከሥልጠናው ያመጡትን ሁሉ አወረዱላቸው። ሐጂ ዝም ብለው አዳመጡ፤ ዓይናቸው ግን በቢሮው ይዞር ነበር። መደርደሪያዎቹ በዶሴ ተጨናንቀው ጎብጠዋል። በኢንጂነር ጠረጴዛ ላይ የተቆለለው ወረቀት የሐይቁ ንፋስ እንዳይበትነው ከላዩ ድንጋይ ተጭኖበታል።

«ኢንጂነር፣ አይቀየሙኝና፣ ይህን ድንጋይ ሳየው አንድ ተረት ትዝ አለኝ» አሉ ሐጂ።

«የምን ተረት?»

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች።»

ኢንጂነር እንደ ማሳል አሉ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርሁ፤ እዚያ የሚታይ ነገር ኖሮ አልነበረም።

«መጀመሪያ የራሳችሁን ቤት አሸጋግሩና አሳዩኝ፤ ከዚያ የእኔን ትነካላችሁ» ብለው ሐጂ ተነሡ። በር ላይ ሲደርሱ ግን ዞር አሉ። «እስከዚያው ግን መጋዘኖቼን ሄደው ይዩልኝ። ሰው እንዳይልኩ፤ እርስዎ ራስዎ።»

«እኔ ራሴ እሄዳለሁ» አሉ ኢንጂነር፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው።

ቢሯችንን እንድታሸጋግር የተቀጠረችው የኮምፒዩተር ባለሙያ ባሏ እዚህ ባለ ፋብሪካ ተመድቦ ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት ሴት ናት። ፈጣን ናት፤ ስትሄድም ስትናገርም። እኛ «ሄድሁ»፣ «ጨረስሁ» ስንል እርሷ «ሄድኩ»፣ «ጨረስኩ» ትላለች፤ በምሳ ሰዓት በዚህ እንቀልድባት ነበር፤ እርሷም «እናንተ ቃሉን ሳትጨርሱ ትንፋሽ ያጥራችኋል» ትለን ነበር። ዶሴው ሁሉ ስካን ተደርጎ ወደ ኮምፒዩተር ገባ። መደርደሪያዎቹ ወጡ። ድንጋዩን እንኳ የጥበቃ ሠራተኛው ለበሩ ማስደገፊያ ወሰደው። «ታይቷል» የሚለው ቃል በስክሪን ላይ የሚነካ አረንጓዴ ቁልፍ ሆነ።

ኢንጂነር በቁልፉ አልተደሰቱም።

«ልጄ፣ ይህ ቁልፍ ቁጣ የለውም» አሏት።

«ለምን ቁጣ ያስፈልገዋል ኢንጂነር?»

«ሥራው ካልጣመኝ በምን ያውቃሉ?»

«አስተያየት የሚጻፍበት ቦታ አለ እኮ። ይኸው፣ እዚህ ጋ ይጻፉ።»

መጻፉ ነበር ችግሩ። ኢንጂነር በቁልፍ ሰሌዳ ሲጽፉ ዶሮ ጥሬ ስትለቅም ማለት ነው፤ አንዲት ጣት ከፍ ትላለች፣ ትፈልጋለች፣ ትወርዳለች። «እንደገና ይታይ» የምትለዋን ለመጻፍ ያላባቸውን ላብ ያየ ጉድጓዱን በእጃቸው የቆፈሩት ይመስለዋል። ባለሙያዋ አዘነችላቸው መሰለኝ፣ አንድ ጠዋት ስልካቸውን ተቀብላ የማይክሮፎን ምልክት አሳየቻቸው።

«ይህን ይንኩና ይናገሩ። እርሱ ይጽፍልዎታል።»

«በአማርኛ?»

«በአማርኛ።»

ኢንጂነር ስልኩን እንደ ጽዋ በሁለት እጃቸው ይዘው «ውሃ» አሉት። ስልኩ «ውሃ» ብሎ ጻፈ። «ንጹሕ ውሃ» አሉት። ጻፈ። ቀና ብለው ሲያዩን ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ ጉድጓድ ተቆፍሮ የመጀመሪያው ውሃ ሲፈነዳ የሚታየው ዓይነት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢሯችን ጸጥታ አያውቅም። እኔ ከምኖርበት ከዘንዘልማ በሚኒባስ መጥቼ ገና ደረጃውን ስጀምር የኢንጂነር ድምፅ ይቀበለኛል። «ነጥብ! አዲስ መስመር! አይ፣ አዲስ መስመር አልሁ እንጂ አዲስ መስመር ብለህ ጻፍ አላልሁህም!» ስልኩን አንዳንዴ ያመሰግኑታል፣ አንዳንዴ ይገሥጹታል። ሐሳቡም እጅግ ስለጣማቸው ለሐጂ በምናዘጋጀው የሥራ ሐሳብ ውስጥ አስገቡት። «የሐጂ መጋዘን ጠባቂዎች መጻፍ ቢከብዳቸው ለምን ይጨነቃሉ? ይናገሩ! ጤፍ የተቀበለው ተቀበልሁ ይበል፣ ያስረከበው አስረከብሁ ይበል፤ ስልኩ ይጽፋል» አሉ። ባለሙያዋም በዚህ ተስማማች። እኔም ብሆን ጥሩ ሐሳብ ነው ብያለሁ፤ የሥራ ሐሳቡም ለሐጂ ተላከ።

ኢንጂነር ቃላቸውን ጠብቀው መጋዘኖቹን ለማየት ተነሡ። ከዚያ በፊት ወደ መስክ ሲወጡ ማስታወሻ የምይዘው እኔ ነበርሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን፣

«አንቺ ዕረፊ፤ ስልኬ አለ» አሉኝ።

ትንሽ ቅር አለኝ። ደልጊ ሄጄ ትኩስ ዓሣ ሳልበላ መቅረቴ ነው እንጂ ለማስታወሻውስ አላዘንሁም።

አዲሱ አሠራር እንዲህ ነበር፤ ኢንጂነር በስልካቸው ተናግረው «ላክ» የምትለዋን ሲነኩ ሪፖርቱ በአንድ ጊዜ ለእኛም ለደንበኛውም ይደርሳል። ፍጥነት ማለት ይህ ነው ተብሎ የተጨበጨበለት ነገር ነው። በመሐል የሚያቃና ሰው የለም። የሚያቃናው ሰው ማለት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ቢሮ ገብቼ ሪፖርቱን ከፈትሁ። እንዲህ ይላል፦

«ጠዋት ቆላ ድባ ደረሱ። የመጋዘን ጠባቂውን ብዙ ነገር ጠየቁ። ጆንያዎቹ መካከል ዘለቁ። አቧራው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ አስነጠሱ። ደክሞኝ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ደልጊ ወረዱ። ዓሣ አዘዙ። አጥንቱ አነቀኝ። ውሃ ጠየቁ። መጋዘኑ ደህና ነው፤ ጣሪያው ግን ያፈሳል። ተመለሱ።»

ደግሜ አነበብሁት። ከዚያ ባለሙያዋን ጠራኋት። እርሷም አንብባ አፏን በእጇ ያዘች።

«ኢንጂነር ራሳቸውን አንቱ ማለት ጀመሩ?» አለችኝ።

«ይገባቸዋል እኮ፤ ትልቅ ሰው ናቸው» አልኋት። ከዚያ ሁለታችንም መቆም አቃተን። የሐይቁን ዳር መንገድ የሚጠርጉት ሴቶች ሳቃችንን ሰምተው ሽቅብ አንጋጠው ነበር።

ኢንጂነር ሲገቡ ስልኩን አቀበልኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡ፤ እንደገና ከላይ ጀመሩ።

«ይህን ማን ነው የጻፈው?»

«እርስዎ ነዎት ኢንጂነር።»

«እኔ ነኝ ወይስ እሳቸው?»

ይህን ያሉት ለቀልድ አልነበረም። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር፤ ምክንያቱም ሪፖርቱ ማታውን ለሐጂ ደርሷል። ስሕተቱን ለማረም ስልክ ሊደውሉ ገና ሲዘጋጁ ከደረጃው የከዘራ ድምፅ ተሰማ። ሐጂ ከወረታ የመጀመሪያውን መኪና ይዘው መጥተዋል።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉ፤ ሳይቀመጡ። ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ኢንጂነር፣ እኔ ራሴ እሄዳለሁ አላሉኝም?»

«ብያለሁ ሐጂ። ሄጃለሁም። እባክዎ ይቀመጡ።»

«ታዲያ እነዚህ የሄዱት እነማን ናቸው? ሴት ልጄ አነበበችልኝ፤ ደረሱ፣ ጠየቁ፣ ወረዱ፣ ዓሣ አዘዙ ይላል። ስንት ሰው ነው የላኩብኝ? ይህም ይሁን። ወላሂ ይህችኛዋን ግን ያስረዱኝ፤ አቧራው በእርስዎ አፍንጫ ገብቶ ያስነጠሱት ሌሎች ናቸው። ይህ እንዴት ይሆናል?»

ባለሙያዋ ጠረጴዛዋ ሥር የወደቀ ነገር ለማንሣት ጎንበስ አለች፤ ትከሻዋ ሲርገበገብ አያለሁ። ኢንጂነር ግን አንድ ጊዜ በደረቀ ጉድጓድ ተከሰው እንኳ እንደዚያ አልተጨነቁም።

«ያስነጠስሁት እኔ ነኝ ሐጂ! እኔው ነኝ ያስነጠስሁ!»

«እንግዲያ እንጠይቃለን» አሉ ሐጂ። ቆላ ድባ ላለው የመጋዘን ጠባቂያቸው ደውለው ድምፁን ለሁላችንም ከፈቱት። «ከባሕር ዳር መጋዘኑን ሊያይ የመጣው ማን ነበር? ስንት ሰዎች ናቸው?»

«ሰዎች አይደሉም ሐጂ፤ አንድ ትልቅ ሰው ናቸው» አለ ጠባቂው። «ረዘም ያሉ፣ ድምፃቸው ጎላ ያለ። ደግ ሰው ይመስላሉ፤ ግን ሲጨቃጨቁ ነው የዋሉት።»

«ከማን ጋር?»

«ከስልካቸው ጋር። በዚያኛው ጫፍ ያለው ሰውዬ አንድ ጊዜ እንኳ አልመለሰላቸውም። እሳቸው ይቆጣሉ፣ እሱ ዝም። የኋላ ኋላ አዘንሁላቸው።»

ሐጂ ስልኩን ዘጉና ኢንጂነርን አዩአቸው። ኢንጂነር ወደ መሬት አዩ። ከጠረጴዛው ሥር ባለሙያዋ ቀና ያለችው ያኔ ነው፤ ሳቁ ከፊቷ ላይ ጠፍቶ ነበር። አንድ ነገር ገብቷታል።

«ኢንጂነር፣ እስኪ ማይክሮፎኑን ነክተው ደልጊ ሄድሁ ይበሉ» አለቻቸው።

«ደልጊ ሄድሁ።»

ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረችው። «ደልጊ ሄዱ» ይላል። ስልኩን ወስዳ ራሷ «ደልጊ ሄድኩ» አለች። «ደልጊ ሄድኩ» ብሎ ጻፈላት።

«ይህ ነገር የተማረው አዲስ አበባ ነው» አለች ቀስ ብላ። «የእናንተን "ሁ" አያውቃትም። ስትጠፋበት ጊዜ በሚያውቀው ቃል ይተካታል።»

ሐጂ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጡ። «እስኪ ለእኔ ስጡኝ» ብለው ስልኩን ተቀበሉ። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የጁምዓ ሰዎች ፊት እንደሚናገሩ ቀና ብለው፣

«ሩዜን ሸጥሁ» አሉት።

እኔ አነበብሁላቸው። «ሩዜን ሸጡ ይላል ሐጂ።»

«ማን ነው የሸጠብኝ?» ብለው ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

ከዚያ በኋላ ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም። ኢንጂነር ሲስቁ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ሐጂ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «ሩዜን ሸጡት! በአደባባይ ሸጡት!» ይላሉ። ለመሞከር ያልቀረበ ሰው አልነበረም፤ ከታች ፎቅ ያሉት የጥርስ ሐኪም እንኳ ምን ሆናችሁ ብለው ወጥተው «ጥርስ ነቀልሁ» ብለው፣ «ጥርስ ነቀሉ» ተብለው ወረዱ።

ሳቁ ሲበርድ የሐጂ ፊት ቀስ በቀስ ተለወጠ። የነጋዴ ፊት ነው፤ ሲስቅም ያስባል።

«ኢንጂነር፣ በላኩልኝ የሥራ ሐሳብ ላይ መጋዘን ጠባቂዎቼ ለስልክ ይናገሩ ብለው አልነበረም?»

«ብያለሁ» አሉ ኢንጂነር።

«የእኔ ሰዎች ሁሉ ሁ ባዮች ናቸው። ቆላ ድባም፣ ደልጊም፣ ወረታም። ጠባቂው ተቀበልሁ ሲል ይህ ተቀበሉ ብሎ ይጽፋል። ሌላው አስረከብሁ ሲል አስረከቡ። ክረምት ሲገባ እህል ቢጎድልብኝ ማንን እጠይቃለሁ? "እነሱን"?»

ባለሙያዋ ከንፈሯን ነከሰች። እኔም ጥሩ ሐሳብ ነው ማለቴ ትዝ እያለኝ እስክርቢቶ ማዞር ጀመርሁ።

ኢንጂነር ተነሡ። በዚያ ሥራ ቤት በኖርሁበት ዘመን እንዲህ ቀጥ ብለው ሲናገሩ የሰማኋቸው ጥቂት ጊዜ ነው።

«ሐጂ፣ በመጋዘንዎ ላይ ልናደርገው ነበር። በእኛ ላይ ስለደረሰ አወቅነው እንጂ ባይደርስ በእርስዎ ላይ ይደርስ ነበር። የሥራ ሐሳቡን እንደገና እንጽፈዋለን። ከፈለጉ ይስጡን፣ ካልፈለጉ ልክ ነዎት።»

ሐጂ እጃቸውን ወደ ከዘራቸው ሰደዱ።

«እንግዲህ» አሉ ከዘራቸውን እያነሡ፣ «የወጡ ማረር የታወቃት ሴት ደህና አፍንጫ አላት ማለት ነው። እንደገና ጻፉት። ግን በዚህ ጊዜ እኅቴ ሳታየው እንዳይላክ» ብለው በከዘራቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

እኔም ሥራዬ ተመለሰልኝ። ይህን ስጽፍ ፈገግ አላልሁም ብል ማንም አያምነኝም።

ሥራው የአንድ መኸር ያህል ወሰደ። ባለሙያዋ ለመጋዘን ጠባቂዎቹ የምትሆን ቀላል ስክሪን ሠራች፤ የጆንያ ሥዕል፣ የእህሉ ዓይነት፣ የጠባቂው ፎቶና ስም። የገባ ሲሆን አንዱን መንካት፣ የወጣ ሲሆን ሌላውን። ማንም ምንም አይናገርም። ኢንጂነር ለጥቂት ጊዜ ስልካቸውን በአዲስ አበባ አነጋገር ሊያታልሉት ሞከሩ። በራቸውን ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሄድኩ… ጠየቅኩ» ሲሉ ይሰማል፤ ልክ ሰው እንዳያየው ተደብቆ ሲጋራ እንደሚያጨስ ልጅ። ብዙ አልዘለቁበትም። «አፌ ውስጥ ጠጠር ሆነብኝ» ብለው ወደ ጣታቸው ተመለሱ፤ አሁን ሁለት ጣት ደርሰዋል። ባለሙያዋ ደግሞ አንድ ቀን ከኮምፒዩተሯ ቀና ብላ «ተመስገን፣ ጨረስሁ!» አለች። ክፍሉ በጭብጨባ ሲሞላ ምን እንዳለች እንኳ አላወቀችም ነበር።

ደልጊ ላይ ጠባቂዎቹን ለማሠልጠን የተላክሁት እኔ ነኝ። መጋዘኑን የያዘችው በዕድሜዬ የምትሆን ሴት ናት፤ ባሏ ዓሣ አጥማጅ ነው። ስክሪኑን መጀመሪያ በአንድ ጣቷ ጫፍ፣ እንደ ጋለ ነገር ነካችው። የመጣላትን ሽምብራ መዝና የጆንያውን ሥዕል ነካች። ፎቶዋ ወጣ።

«አሁን ተቀባዩ ማን ነው ይላል?» አለችኝ።

«አንቺ ነሽ።»

«ስሜ አለበት?»

«አለበት። ይኸው።»

ጎንበስ ብላ አየችው። ሻሿን ቀና አደረገችና፣

«ፎቶው ግን አያምርም፤ ሌላ አንሺኝ» አለችኝ።

ወደ ብርሃኑ አውጥቼ፣ ሐይቁን ከኋላዋ አድርጌ አነሣኋት። ከዚያ ዓሣ በላን።